ወደ ኬላው ለምን ተመለስኩ

የምነግራችሁን ነገር ከእኔ ሌላ የሚያውቀው አንድ ሰው ብቻ ነው። እሱም ስሜን ያልጠየቀኝ፣ ዛሬ መንገድ ላይ ቢያገኘኝም የማይለየኝ የኬላ ፈታሽ ነው። ሚስቴ አታውቅም። እህቴ አታውቅም። ለንስሐ አባቴ እንኳ ጾም በገባ ቁጥር «ሰው በድያለሁ፣ አባ» እያልኩ በጅምላ አልፌዋለሁ። እሳቸውም ስግደት አዘውልኝ ይፈቱኛል። ሰግጃለሁ። በስሙ ያልተጠራ ኃጢአት በስግደት ይነሳል? እናንተ ፍረዱኝ። እኔ በራሴ ላይ መፍረድ በሚገባኝ ጊዜ አልፈረድኩም።

ሰበታ ላይ የሕንፃ ዕቃ መደብር አለኝ። ቆርቆሮ፣ ሚስማር፣ ሲሚንቶ፣ ቀለም እሸጣለሁ። በዚህ ሥራ የኖረ ሰው መጠርጠር ይለምድበታል። ሲሚንቶው እርጥበት ነክቶት ይሆን? ቆርቆሮው የተባለውን ያህል ውፍረት አለው? ሠራተኛው ዛሬ ምን አግኝቶ ነው የሚስቀው? ጥርጣሬ መደብሬን ጠብቆልኛልና ጥበብ መሰለኝ። በሩን ስቆልፍ እዚያው ጥዬው መሄድ ሲገባኝ ቤቴ ይዤው ገባሁ፤ ከቤቴም አልፌ የእህቴ ትዳር ውስጥ ይዤው ገባሁ።

ታናሽ እህቴ እታገኝ ከባሏ ከቶሌራ ጋር ቡራዩ ትኖራለች። ቶሌራ የጂኦግራፊ አስተማሪ ነው፤ ዝምተኛ፣ ቀስ ብሎ የሚስቅ ሰው። ሌላው ሰው ጨዋነት ያለውን ዝምታ እኔ መደበቅ አልኩት። ገና ሽማግሌ ሲልክ አባቱ የት እንዳሉ ጠይቄ ነበር። ሽማግሌዎቹ «የሉም» ብለው ሌላ ወሬ አነሱ። የሉም ማለት ሞተዋል ነው ወይስ ሄደዋል? ከዚያ ቀን ጀምሮ ይህን ሰው በጎሪጥ ነው የማየው። የወለጋ ሰው ባይሆን ኖሮ፣ የእኛው አገር ልጅ ቢሆን ኖሮ፣ ያን ያህል እጠረጥረው ነበር? መልሱን አውቀዋለሁ።

የአባቱን ነገር ከእህቴ የሰማሁት ከተጋቡ በኋላ ነው። አባቱ ኦቦ ኢጀታ፣ ቶሌራ ሕፃን ሳለ፣ ወርቅ ሊቆፍሩ ወደ ቆላው ወርደው በዚያው ቀሩ። መንደርተኛው ወርቅ አግኝቶ ከሌላ ሴት ጋር ሱዳን ተሻገረ አለ። እናቲቱ አዴ ጂፋሬ ሐሜቱን ሸሽተው ልጆቻቸውን ይዘው ሱሉልታ ዘመድ ዘንድ መጡ፤ እዚያው አረጁ። መበለት ነኝ እንዳይሉ የቀበሩት የለም፤ ባል አለኝ እንዳይሉ ማታ በር የሚያንኳኳ የለም። ለባላቸው ከል አልለበሱም፤ ስማቸውንም አያነሱም ነበር። እኔ ይህን ሰምቼ አላዘንኩም። የጠፋ ሰው ልጅ ነው ብዬ ያዝኩት።

ጉዞውን ያሰበው ቶሌራ ነው። መንገዱ ሰላም በነበረበት ጊዜ፣ በጥር የትምህርት ቤት ዕረፍት፣ ልጆቹን ይዘን ወለጋ እንውረድ፣ ድንኳን ተክለን እንደር፣ ድሮ ወርቅ ይወጣባቸው የነበሩትን ቦታዎች እናሳያቸው አለ። ልጆቹ ጨፈሩ። ሚስቴም እህቴም ደስ አላቸው። እኔ ብቻ «ለምን እዚያ?» አልኩ። ላንጋኖ አለ፣ ወንጪ አለ፤ ለምን አባቱ የጠፉበት አገር? ቶሌራ ፈገግ ብሎ አስተማሪ ስለሆንኩ ነው አለ። አላመንኩትም። መኪናዋ ግን የእኔ ነበረች፤ ለሥራ የገዛኋት ሚኒባስ። ሰው ሲነዳት አይሆንልኝምና እኔው ነድቼ ሄድኩ።

ነጆ ከደረስን በኋላ የቶሌራ አጎት ልጅ ፈይሳ ተቀበለን። ማርና ኮረሪማ እየገዛ ነቀምት ወስዶ የሚሸጥ፣ ሳቁ ከሩቅ የሚሰማ ሰው ነው። ከቶሌራ ጋር ሲተቃቀፉ ሁለቱም አለቀሱ። ከወንዝ ዳር ካለች ትልቅ ሾላ ሥር ድንኳኖቻችንን ተከልን። እውነቱን ለመናገር ቦታው ልብ ይወስዳል። ኮረብታው ጎን ላይ በነገሥታቱ ዘመን ተቆፍረው የተተዉ ጉድጓዶች ሣር ለብሰው ተደርድረዋል። ትንሽ ዝቅ ብሎ የውጭ አገር ሰዎች አምጥተው የጣሉት ብረት አለ፤ ዝገቱ ከአፈሩ ጋር አንድ ቀለም ሆኗል። ቶሌራ እንደዚያ ሲናገር ሰምቼው አላውቅም። ለግብር የወርቅ ዱቄት በላባ ዘንግ ውስጥ ተጠቅጥቆ ይሄድ እንደነበር፣ ቆፋሪዎቹ ከጉድጓዱ አፍ ላይ ምን ብለው እንደሚዘፍኑ ለልጆቹ ነገራቸው። በገበቴ አሸዋ አጥበው ጥቁሩን ለይተው እንዲያወጡ አሳያቸው። ልጄ ናቲ የአሸዋ ብልጭታ አይቶ ወርቅ አገኘሁ ብሎ ሲጮህ ሁሉም ሳቀ። እኔ የቶሌራን እጅ አይ ነበር።

በማግስቱ ጎህ ሲቀድ ከድንኳን ስወጣ ቶሌራና ፈይሳ ወንዙን ተሻግረው ሲሄዱ አየኋቸው። ተከተልኳቸው። ለምን? የሚጠራጠር ሰው እግሩ ሳያዘው ይሄዳል። አንድ ጎጆ ደጃፍ የተቀመጡ ሽማግሌ ዘንድ ደረሱ። ሽማግሌው ብዙ ተናገሩ። ኋላ ከጉያቸው የሆነ ነገር አውጥተው በቶሌራ መዳፍ አኖሩና በሁለት እጃቸው ጨበጡለት። ቶሌራ ጉልበታቸውን ሳመ። ሲመለሱ ቁጥቋጦ ሥር ተደብቄ አሳለፍኳቸው። ፈይሳ በኦሮምኛ እየተከራከረው ነበር። ኦሮምኛዬ የገበያ ኦሮምኛ ነው፤ «ጉርጉሪ» የሚለውን ግን ሰበታ ላይ የሚነግድ ሁሉ ያውቀዋል። ሽጠው ማለት ነው። ቶሌራ ራሱን ነቀነቀ።

ከዚያ በኋላ ሁሉም ነገር አንድ ነገር ይነግረኝ ጀመር። ኮረብታው ላይ ወዳለ አሮጌ የቁፋሮ ዋሻ ልንገባ ስንል ናቲ የቶሌራን የእጅ ባትሪ ጠየቀ። ቶሌራ ድንጋዩ አልቋል አለው። በዋዜማው ማታ ግን በዚያው ባትሪ ድንኳን ሲያስር አይቼው ነበር። ልጆቹ በእኔ ስልክ መብራት ገቡ፤ የሌሊት ወፍ እየተነሳባቸው እየጮኹና እየሳቁ ወጡ። እኔ ከውጭ ቆሜ የባትሪውን ነገር አሰላስል ነበር።

ስንመለስ ፈይሳ እስከ ነቀምት አብሮን ተጫነ። ጊምቢ ላይ ምሳ ልንበላ ቆመን፣ ሁሉም እጁን ሲታጠብ እኔ ወደ መኪናዋ ተመልሼ የባትሪውን ቂጥ ፈታሁ። አንዱ ድንጋይ ወጥቷል። በቦታው በላስቲክ የተጠቀለለ ጨርቅ አለ። ስፈታው ወርቅ ነው፤ እንደ ምስር የደቀቀ፣ መሐሉ ላይ አንዲት ባቄላ የምታክል። መልሼ ጠቀለልኩት፣ ዘጋሁት፣ ገብቼም ምሳዬን በላሁ።

ለምን አልጠየቅኩትም? ከጎኔ ተቀምጦ ነበር እኮ። እንጀራ እየቆረሰ ወደ እኔ ያስጠጋልኝ ነበር። «ቶሌራ፣ ይህ ምንድን ነው?» ለማለት ምን ያህል ድፍረት ይጠይቃል? ሰው የጠረጠረውን ሰው የማይጠይቀው መልስ እንዳይሰማ ነው። መልስ ከሰማ ጥርጣሬው ያልቅበታላ።

ነቀምት ላይ ፈይሳ ወረደ። ስልኩን ጆሮው ላይ አድርጎ እያወራ በሌላ እጁ ሰላምታ ሰጥቶን በገበያው ውስጥ ጠፋ። ከከተማው ወጥተን ብዙም ሳንሄድ ኬላ ላይ ቆምን። ውረዱ ተባልን፤ ሻንጣ ተከፈተ፣ ድንኳኑ ተፈታ፣ ገበቴው ሳይቀር ተገለበጠ። ፈታሹ ባትሪውን አንስቶ አየውና መልሶ አስቀመጠው። ጨረስን፣ ሂዱ አለን።

ይህን ልብ በሉልኝ። ሂዱ ተብለን ነበር። ልጆቹ ቦታቸውን ይዘዋል፤ እህቴ ለቶሌራ ብርቱካን እየላጠች ነው። ቁልፉ በእጄ ነው። እኔ ግን የረሳሁት ነገር አለ ብዬ ወረድኩና ወደ ኬላው ተመለስኩ። በእግሬ ሄጄ። ማንም ሳያስገድደኝ።

ፈታሹ ምን እንደፈለግኩ ጠየቀኝ።

«የእጅ ባትሪውን ክፈቱት» አልኩት። «ማን እንደነገረህ ግን እንዳይታወቅ።»

ወደ መኪናዋ አሻግሮ አየ። «ምንህ ነው?»

«የእህቴ ባል።»

ከዚያ በኋላ አንድ ቃል አልተናገረኝም። አስተያየቱን ግን አልረሳውም። ወርቅ ደብቆ የያዘውን ሰው እንኳ እንደዚያ አላየውም።

ቶሌራን አስወርደው ባትሪውን ሲፈቱት ወደ እኔ ዞረ። አወቀብኝ ብዬ ነበር። እሱ ግን የእጅ ሰዓቱን አውልቆ ሰጠኝና «ጋሼ፣ ልጆቹን አደራ» አለኝ። ይኸው ነው ያለው። እህቴ ልጆቹ እንዳያዩ ፊታቸውን በነጠላዋ ሸፈነች። እኔ ነድቼ ሄድኩ። እስከ ቡራዩ ድረስ እያጽናናኋት ነዳሁ።

እውነቱን የነገረችኝ እህቴ ናት፣ የታሰረበት ልትጠይቀው ሄዳ ስትመለስ። ሽማግሌው ኦቦ ጉደታ ይባላሉ፤ የኦቦ ኢጀታ የቁፋሮ ጓደኛ ነበሩ። ጉድጓዱ ከመደርመሱ በፊት በነበረው ቀን ኦቦ ኢጀታ ያጠራቀሟትን ወርቅ አምጥተው አደራ ሰጥተዋቸዋል፤ ለጂፋሬ አንገት ናት ብለው። በማግስቱ አፈሩ ከነጓደኞቻቸው ዋጣቸው። ጉደታ ውጭ ነበሩና ተረፉ። ፈሩ። ሳይፈቀድላቸው ነበር የሚቆፍሩት፤ ሰው ገደልክ እባላለሁ ብለው ዝም አሉ። ድህነት ሲጫወትባቸው ያችን ወርቅ ግን አልነኩም። በእርጅናቸው ፈይሳን ፈልገው የኢጀታን ልጅ አምጣልኝ አሉት። ጉዞው ለዚህ ነበር። ቶሌራ ለሚስቱ እንኳ ያልነገረው ከሰው ሁሉ በፊት እናቱ ይስሙ ብሎ ነው። ፈይሳ «ሽጠውና ለእናትህ ቤት አድስላት» ሲለው ራሱን የነቀነቀውም ወርቁ የእሷ ነው ብሎ ነው።

ወርቁ ተወረሰ። ጥሬ ወርቅ ያለ ፈቃድ ማዘዋወር ክልክል ነውና ሕጉ አልዋሸም። ጉደታ ተጠርተው ሲጠየቁ ምንም አልሰጠሁም፣ ኢጀታ የሚባልም አላውቅም ብለው ካዱ። ሽማግሌ ናቸው፤ ፈሩ። ያንን ሁሉ ዘመን የጠበቁትን አደራ ያስካዳቸው የእኔ ቃል ነው። ብዙ ሳይቆዩም ሞቱ። ቶሌራ ሳምንታት ታስሮ ሲፈታ በማስተማሪያ ቦታው ሌላ ሰው ተተክቶ ነበር።

ሱሉልታ እናቱ ዘንድ ሲሄድ እኔ ነኝ በመኪና የወሰድኩት። እኔ ነኝ። አዴ ጂፋሬ ፀሐይ ላይ ተቀምጠው ነበር። ቶሌራ እግራቸው ሥር ተንበርክኮ ሁሉንም ነገራቸው፤ ጉድጓዱን፣ አደራውን፣ ለጂፋሬ አንገት የተባለውን። እጃቸው ወደ አንገታቸው ሄደ። ፊታቸው ላይ አንድ ነገር ሲነሳ አየሁ፤ ልጅ ይመስሉ ነበር። ከዚያ «ኤሳ ጅራ?» አሉት። የት አለ ማለታቸው ነው።

ቶሌራ ባዶ እጁን አየ። ተወሰደብኝ አለ። ሽማግሌውስ? ክደዋል አለ። አዴ ጂፋሬ እጃቸውን ከአንገታቸው አወረዱ። ልጄ ሊያጽናናኝ ብሎ ያመጣው ወሬ ነው ብለው እንዳሰቡ ከፊታቸው ታወቀኝ። ራሱን ዳበሱትና ምሳ በልተህ እንደሆን ብለው ጠየቁት። ከል ሳይለብሱ፣ ሳያለቅሱ፣ በዓመቱ ሞቱ። እኔ ከበሩ ላይ ቆሜ ነበር። የባላቸውን ሞት እንኳ ነጥቄአቸዋለሁ።

እዚህ ላይ ቢያልቅ ጥሩ ነበር። ቶሌራ ማን ጠቆመብኝ ብሎ ማሰብ ጀመረ። ያልጠረጠረው ሰው እኔን ብቻ ነበር። ሽጠው ያለው ፈይሳ ነው፤ ቂም ይዞ ይሆን? አንድ ቀን ቤቴ መጥቶ ፈይሳ ሲወርድ ያየሁት ነገር ካለ ጠየቀኝ።

«ስልክ እያወራ ነበር የወረደው» አልኩት።

እውነት ነው። አልዋሸሁም። እውነት ተናግሬ፣ ዋሽቼ የማላውቀውን ያህል ዋሸሁ። ቶሌራ ፊቱ ጠቆረ፤ ከዚያ ቀን በኋላ የፈይሳን ስልክ አላነሳም። ፈይሳ ለአክስቱ ለአዴ ጂፋሬ ለቅሶ ከነጆ ድረስ ቢመጣ ከድንኳኑ ደጃፍ መለሰው። የመጣው ማር ይዞ ነበር፤ ለዝክሩ። ከነማሩ ተመለሰ።

ፈይሳ ሽማግሌ ላከ። ሽማግሌዎቹ ቡራዩ ቶሌራ ቤት ሲሰበሰቡ ከሚስት ወገን ነው፣ ነገሩን ያውቃል፣ አያዳላም ተብዬ እኔ ተመረጥኩ። መቀመጤን ታምናላችሁ? ጋቢዬን አጣፍቼ ተቀመጥኩ። ፈይሳ በልጆቹ ማለ፤ አልጠቆምኩም፣ ስልኩን ያወራሁት ከማር ነጋዴ ጋር ነው አለ። ቶሌራ አላመነም። ነገሩ ሊበጠስ ሲል ፈይሳን ወደ ግቢው አወጣሁት።

«ፈይሳ፣ አንድ ቃል ነው» አልኩት። «አጥፍቻለሁ በልና ይዘጋ።»

«ያላደረግኩትን፣ ጋሼ?»

«ለሰላም ብለህ። አለዚያ ዘመድ አልባ ትቀራለህ።»

ፈይሳ እኔንም በሩንም አየ። ከዚያ ገባ። ቶሌራ እግር ላይ ወድቆ አጥፍቻለሁ ይቅር በለኝ አለ። ያ ሳቁ ከሩቅ የሚሰማ ሰው፣ ያላደረገውን አደረግኩ ብሎ ወደቀ። ቶሌራ አነሳው፣ ተቃቀፉ። ሽማግሌዎቹ መረቁ። እኔም መረቅኩ። በዚህ አፌ።

ፈይሳ ከዚያ ወዲህ በየዓመቱ ነጭ ማር ይልክልኛል። ከወንድሜ ያስታረቁኝ እርስዎ ነዎት ይለኛል። አልበላውም ልላችሁ ይቃጣኛል። እበላዋለሁ።

ዝምታዬን የሰበረው ባለፈው ሳምንት የመጣ ስልክ ነው። የፈይሳ ልጅ አዲስ አበባ ትምህርት ደርሷታል፤ ቶሌራ ቤት አርፋ ትማር ዘንድ ፈይሳ ለምኗል። ቶሌራ ለሚስቱ ተወው። እህቴ ደወለችልኝ። «ጋሼ፣ አንተ ሰው ታውቃለህ» አለችኝ። «የጠቋሚ ልጅ ቤቴ ላስገባ?»

ያች ልጅ በዚያ ጉዞ ጊዜ ገና አልተወለደችም ማለት ይቻላል፤ በእናቷ ጀርባ ነበረች። የእኔን ስም ተሸክማ ልትኖር ነው? እታገኝ ሁለት ጊዜ «ጋሼ?» አለችኝ። እሑድ መጥቼ እነግርሻለሁ አልኳት።

ለመኪናዬ ፈርቼ ነው ማለት እችል ነበር፤ ኬላውን ግን አልፈን ነበር። ሕግ ነው ማለት እችል ነበር፤ ሕግ ያስጨነቀው ሰው ስሜ አይታወቅ አይልም። ልክ መሆን ፈልጌ ነበር። ይህን ሰው በጎሪጥ ሳየው የኖርኩት በከንቱ አለመሆኑን ፈልጌ ነበር። ከዚህ ሌላ ምክንያት ፈልጌ አጥቻለሁ፤ ቢገኝም አላቀርበውም። ይቅርታችሁንም አልጠይቅም፤ የበደልኩት እናንተን አይደለም።

ዛሬ ጠዋት ለፈይሳ ደወልኩ። እሑድ ቡራዩ እንዲመጣ ነገርኩት፤ ለምን እንደሆነ አልነገርኩትም። መንገዱ እንደ ድሮው አይደለም፣ ሩቅም ነው። እሱ ግን አላመነታም።

«እርስዎ ከጠሩኝ እመጣለሁ፣ ጋሼ» አለኝ።